ኦይታ፣ ኤ.

የፈረንጅ ጆርናል ሰውን የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እናቴ ጥዑመልሳን ብላ ያወጣችልኝ ስም እያለ፣ አንድ የስታትስቲክስ ጽሑፌ በወጣ ቁጥር የሚጠቀሰው ዕድሜ ልኩን ደብረ ታቦር ፖስታ ቤት ማኅተም ሲመታ የኖረው አባቴ እንግዳው ነው። «እንግዳው እንዳሳየው» ይላሉ። እንግዳው ምንም አላሳየም፤ ያሳየሁት እኔ ነኝ። የእኔ ስም ግን አንዲት ፊደል ሆና ተቆርጣ ከኋላው ትንጠለጠላለች።

ባልደረቦቼ ይህን ስናገር ይስቁብኛል፤ ጥዑመልሳን ደግሞ ጀመረው ይላሉ። አገርነሽ ኦይታም ከሚስቁት አንዷ ነበረች። በ2008 ዓ.ም. ግን ይኸው የአጠራር ልማድ ስንት ዓመት የለፋችበትን ስም ሊቀብረው ሲቃረብ፣ እርሷም ሳቋን ተወች፣ እኔም ቀልዴን ተውሁ።

አገርነሽ የጨንቻ ልጅ ናት። አባቷ ኦይታ ሸማኔ ነው። እናቷ እርሷ አሥረኛ ክፍል ሳለች ሞተች፤ ትታ የሄደችው ሁለት ልጅ ነው፣ አገርነሽንና ገና ፊደል ያልቆጠረውን ታናሽ ወንድሟን አስናቀን። አገርነሽ የላቦራቶሪ ዲፕሎማዋን ይዛ አርባ ምንጭ ጤና ጣቢያ እንደተቀጠረች ወንድሟን ከደጋ አወረደችው። ሲቀላ ሰፈር፣ ከድር የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ በተከራየቻት አንዲት ክፍል አሳደገችው። አብሮ አደጎቿ ሲያገቡ፣ ሲወልዱ፣ እርሷ የአስናቀን ደብተር ታያለች፣ የአስናቀን ሸሚዝ ታጥባለች። ለምን አላገባሽም ብዬ አንድ ጊዜ ደፍሬ ብጠይቃት፣ ልጅ ያላትን ሴት ማን ያገባል ብላ ቀለደችብኝ። ልጅ ያለችው እርሱን ነው።

ጤና ጣቢያ ሳለች ከጫሞ ሐይቅ የሚመጡ ዓሣ አስጋሪዎች በብዛት ይታከሙ ነበር። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ሰገራቸው ደም ቀላቅሎ ይመጣሉ። ቢልሃርዚያ ነው። መድኃኒቱን ወስደው ይድናሉ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይመጣሉ። ከየት ነው የሚይዛችሁ ሲባሉ ሁሉም ሐይቁን ይጠቁማሉ፤ ሐኪሙም የጤና ቢሮውም ሐይቁን ይጠቁማል። አገርነሽ ነገሩ አልተዋጠላትም። ጅማም አዲስ አበባም ተምራ ዶክተር ሆና ወደ እኛ ዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ያንኑ ያልተዋጠላትን ነገር ይዛ መጣች።

እኔ ያኔ ነው ያወቅኋት፤ ቢሯችን ጎን ለጎን ነበር። ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ፣ እንጨት የታሰረበት ወንፊቷን ተሸክማ ጫሞ ትወርዳለች። አንድ ሰው አዞ ይጠብቅላታል፣ እርሷ ከቄጠማው ሥር ቀንድ አውጣ ትለቅማለች። የለቀመቻቸውን በየብልቃጡ ውሃ ውስጥ አድርጋ መስኮት ላይ ፀሐይ ታሞቃቸዋለች። በሽታው ያለበት ቀንድ አውጣ ፀሐይ ሲሰማው ትሉን ውሃው ውስጥ ይለቅቃል፤ እርሱን በማይክሮስኮፕ ታያለች። ስሌቱን የሠራሁላት እኔ ስለሆንኩ ውጤቱን ቀድመን ያየነው ሁለታችን ነን። የሐይቁ ቀንድ አውጣዎች ከሞላ ጎደል ንጹሕ ናቸው። ትሉ ያለው ከሐይቁ ወደ ከተማ በሚመጣው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ትንሽ ወንዝ ውስጥ ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ከተማ ከመግባታቸው በፊት የዓሣ ጠረን እንዳይሸታቸው ብለው ገላቸውን የሚታጠቡት እዚያ ነው። ሊጸዱ ገብተው በሽታ ይዘው ይወጣሉ።

ጽሑፉ በ2002 ዓ.ም. ወጣ። በጆርናሉ ሕግ መሠረት የጸሐፊዋ ስም «ኦይታ፣ ኤ.» ተባለ። ከብራዚል እስከ ታንዛንያ ስለ ቢልሃርዚያ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ኦይታን ይጠቅስ ጀመር። እንግዲህ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ በእኛ ሙያ የሰው ዋጋ የሚለካው ስንት ጻፈ ተብሎ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰው ጠቀሰው ተብሎም ነው። ሲታሽን እንለዋለን። ዕድገትም፣ የምርምር ገንዘብም፣ ክብርም ከእርሱ ይመጣል። የአገርነሽ ሲታሽን በፋኩልቲያችን ማንም ያልደረሰበት ሆነ። እርሷ ግን ያንን ወሬ ያወራችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ጨንቻ ወጥታ ለአባቷ፣ ስምህ ብራዚል ደርሷል አለችው። ሽማግሌው ብራዚል የኳስ አገር እንደሆነ ያውቃል። ያገሩ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት አደባባይ ሳይቀር አፉን ሞልቶ ይናገረው እንደነበር ሰምቻለሁ።

በ2008 ዓ.ም. ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት አመለከተች። ማዕረጉን የፈለገችው ለመጠሪያ አይደለም። ያቺን ወንዝና ዓሣ አስጋሪዎቹን ለአምስት ዓመት የሚከታተል ትልቅ ጥናት ተፈቅዶ ነበር፤ መሪው ቢያንስ ተባባሪ ፕሮፌሰር ካልሆነ ግን ጥናቱ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል፣ እዚያ ያሉት ደግሞ ስለሌላ ወንዝ ነው የሚያስቡት። የዕድገት ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ሰብሳቢው ዶ/ር ማርቆስ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ፣ ቃል የማያባክን፣ ምራቁን የዋጠ ሰው ነው። ነገሩ ያለቀለት መስሎን የውጭ ገምጋሚውን ሪፖርት ለወጉ ያህል ከፈትነው።

ሪፖርቱ ከላይ እስከ ታች ምስጋና ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ገምጋሚው አንድ ነገር ጨመረ። በዚሁ ስም፣ ከዚሁ ከአርባ ምንጭ አድራሻ፣ ስለ ሆድ ትላትል መድኃኒት የወጣ አንድ ጽሑፍ ከሰው ሥራ ቃል በቃል የተገለበጠ ሆኖ በመገኘቱ ከጆርናሉ ተሰርዟል፤ አመልካቿ ይህን ለምን እንዳልገለጸች ትጠየቅ ይላል። ጸሐፊው «ኦይታ፣ ኤ.» ነው። ዶ/ር ማርቆስ መነጽሩን አወለቀ። ኩረጃው የእርሷ ከሆነ የሚቀረው ማዕረጉ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከምርምርም እንደምትታገድ፣ ምናልባትም ከሥራ እንደምትወጣ ነገረን። ለሚቀጥለው ዓርብ ቀርባ በቃሏ እንድትመልስ ተወሰነ።

ሳላምን ነው ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት። አገርነሽ ከሰው አንድ ዓረፍተ ነገር የማትወስድ ሰው ናት። የሠራሁላትን ስሌት እንኳ ከሥሩ አስረዳኝ ብላ እስከምታሰለቸኝ ትጠይቀኛለች። ቢሮዋ ገብቼ ስነግራት ቀለም አልለወጠችም፤ የእኔ አይደለም አለችና ኮምፒዩተሯን አዞረችልኝ። ሲታሽን የሚቆጥረውን ድረ ገጽ ከፈትን። «ኦይታ፣ ኤ.» ብለን ፈለግን።

ገጹ መጣ። የቀንድ አውጣው ጽሑፍ ከላይ አለ፣ ከሥሩ ሌሎቹ ሥራዎቿ ተራ በተራ አሉ፣ ሲታሽኑ ተደምሮ ተቀምጧል። ከላይ ያለው ፎቶግራፍ ግን የአገርነሽ አይደለም። ከረባት ያሰረ፣ ፈገግ ያለ ወንድ ነው። አስናቀ ነው።

አስናቀ ፋርማሲ ተምሮ ለጥቂት ጊዜ እኛው ዘንድ ረዳት መምህር ነበር፤ እርሷ ቤት እየኖረ። ከዚያ ሌላ ክልል ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፣ በአጭር ጊዜ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነ፣ ምክትል ዲን ሆነ። ሰዉ ከተቀያየረ ቆይቷል፤ ከኮሚቴው እርሱን የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ። ወንድሟ በፍጥነት ማደጉን ሰምቼ ጎበዝ ነው ብዬ እንኳን ደስ ያለሽ ብያታለሁ። አሁን ፎቶውን እያየሁ ደሜ ፈላ።

ያ ድረ ገጽ ሰው አያውቅም። ገጽ ለመክፈት ስትገባ በዚህ ስም የወጡ ጽሑፎችን ይደረድርልህና፣ ይሄ ያንተ ነው ወይ ብሎ አንድ በአንድ ይጠይቅሃል። ሁለት የአንድ አባት ልጆች፣ አንደኛዋ አገርነሽ፣ አንደኛው አስናቀ፣ ለፈረንጁ ሁለቱም «ኦይታ፣ ኤ.» ናቸው። አስናቀ በእኅቱ ሥራዎች ሁሉ ላይ አዎ ብሏል። ስለ ሆድ ትላትሉ የወጣውን ብንፈልገው፣ ብንፈልገው ገጹ ላይ የለም። ገልብጦ የጻፈውን የራሱን ጽሑፍ ሲጠየቅ፣ የእኔ አይደለም ብሏል። የተጣለው ጽሑፍ ባለቤት አጥቶ ሲንከራተት ቆይቶ ነው እርሷ ላይ ያረፈው።

አገርነሽ ገጹን እስከ ታች ወርዳ አየችው። ከዚያ፣ ሳያውቅ ነካክቶት ይሆናል አለች። ሳያውቅ የእርሷን ሁሉ ወስዶ ሳያውቅ የራሱን ብቻ መተዉ እንዴት ተገጣጠመለት ብዬ ጮህኩ። በሩን ተነሥታ ዘጋች፤ ለኮሚቴው ምንም እንዳልናገር ቃል አስገባችኝ። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ፣ የማንንም ስም ሳታነሺ ለሁለት መለየት ይቻላል፣ በየጽሑፍሽ ላይ የአያትሽን ስም ጨምሪበት አልኳት። አያቴ ዳልጮ ነው አለችኝ፤ የእርሱም አያት ዳልጮ ነው። በዚያ ሰዓት ባይሆን ኖሮ እንስቅበት ነበር።

ለአስናቀ ደወለችለት። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግን ሴቻ ሰፈር ያለው ቤቷ እንድመጣ ጠራችኝ፤ አስናቀ እንደሚመጣ፣ ብቻዋን መሆን እንደማትፈልግ ነገረችኝ። እንደ ደረስኩ ገባኝ። አስናቀ ብቻውን አልመጣም። ጨንቻ ወጥቶ አባቱን ይዞ ነው የወረደው።

ሽማግሌው ኦይታ ጋቢውን ትከሻው ላይ አጣፍቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እኔን ለማክበር ተነሣ፤ እንዳይነሣ ለመንኩት። አስናቀ አንገቱን ደፍቶ ቢጀምር ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ እርሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ እንደ ዲን ነበር የሚናገረው። ወጣት ሆኖ፣ ለዕድገት ቸኩሎ የሠራው ስሕተት እንደሆነ፣ ነገሩ አሁን ቢወጣ ከሥራ እንደሚባረር፣ ሁለት ሕፃናት እንዳሉት አስረዳ። የእርሷ ግን ቀላል ነው አለ። የእኔ ነው፣ በችኮላ የተሠራ ስሕተት ነው ብላ ይቅርታ ብትጠይቅ፣ እንደ እርሷ ያለ ስም ያለውን ሰው ማንም አያባርርም፤ ማስጠንቀቂያ ይሰጣትና በሌላ ጊዜ ታመለክታለች። ያ ስም የማን እንደሆነ ልጠይቀው አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥሁት።

ቀጥሎ አባቷ በጋሞኛ አናገራት። ጋሞኛዬ ለገበያ ያህል ነው፤ ግን ሽማግሌው እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ ሲያሳይ የሚለው ገባኝ። አንቺ ነሽ አዝለሽ ያሳደግሽው፣ ይኼንንም እዘዪለት ነው የሚላት። አገርነሽ መሬት መሬት ታያለች። ፊቷን እያየሁ ፈራሁ፤ በእውነት ፈራሁ። እሺ ልትል ነበር። ወንዙ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ብልቃጥ በአንድ እሺ ሊሄድ ነው።

እሺ ከማለቷ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቀችው። እስካሁን ስለ ተሰረዘው ጽሑፍ ብቻ ነበር የሚወራው።

«የቀንድ አውጣውስ፣ አስኔ?» አለችው። «እሱንስ ለምን ወሰድከው?»

አስናቀ የተገረመ መሰለ። ጥያቄው የቀለለ መስሎት ድምፁም ለስለስ አለ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ በአባባ ስም ነው የወጣው» አለ። «የሁለታችንም ነው።»

ፊቱ ላይ እፍረት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ቢዋሽ ይሻል ነበር። ሰውዬው ያለውን ያምንበታል። የአባታችን ቤት፣ የአባታችን መሬት እንደሚባለው፣ የአባታችን ሲታሽን ነው ለእርሱ።

ሽማግሌው ምን አለ ብሎ ጠየቃት። አገርነሽ በጋሞኛ ቀስ ብላ ነገረችው። ለአንድ አፍታ ልጁን ትኩር ብሎ አየው፤ ይቆጣዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣውም። ከዚያ ወደ እርሷ ዞረና፣ እኔም እንድሰማው ብሎ መሰለኝ፣ በአማርኛ ተናገረ።

«ስም የኔ ነው። ሁለታችሁም የኔ ልጅ ነው። አንዱን ከጣልሽ፣ እኔን ጣልሽ።»

የጨንቻ መኪና እንዳያመልጠው ተነሥቶ ወጣ፤ አስናቀ ተከተለው። አገርነሽ እስከ በር ሸኘቻቸው። አባቷን ሁለት እጁን ይዛ ሳመችው፣ አስናቀንም ሳመችው። ተመልሳ ስትቀመጥ ምን ወሰንሽ አልኳት። ሂድ፣ አንተም ቤትህ ግባ አለችኝ። እስከ ዓርብ ቢሮዋን ስትከፍት አላየኋትም። በስልክ ብደውልላት አታነሣም። ልክ እንደ እኔ አፈ ቀላል ሰው ቢሆን ተሳድቦ ይወጣለት ነበር፤ እርሷ ነገርን ወደ ውስጥ የምትውጥ ሴት ናት፤ በዚያ ሳምንት ይኸው ባሕርይዋ ነበር የሚያስፈራኝ።

ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው ተሰበሰበ። አገርነሽ የላቦራቶሪ ጋዋኗን እንደለበሰች ገባችና ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። የተኛች አትመስልም። ዶ/ር ማርቆስ የሥራዎቿን ርእስ እያነበበ በደረቁ፣ የእርስዎ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። የእኔ ነው እያለች አለፈች። የቀንድ አውጣው ላይ ሲደርስም በዚያው ድምፅ የእኔ ነው አለች። በመጨረሻ የሆድ ትላትሉን አነበበ።

የእኔ አይደለም አለች።

የማን እንደሆነ ጠየቃት። ውጭ ተማሪዎች እየሳቁ ያልፋሉ። ጣቶቿ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘዋል። እኔ መልሱን አውቃለሁ፤ ምላሴ ላይ ነው ያለው። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዝም በል ማለቷ ነው። ዶ/ር ማርቆስ ጠበቀ፣ ጠበቀ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ግን ሥራው ነው።

«ዶ/ር አገርነሽ፣ ስሙ የእርስዎ ነው፣ አድራሻውም የእርስዎ ነው» አላት። «ሌላ ሰው ካልነገሩን ኮሚቴው የእርስዎ ብሎ ይይዘዋል።»

ሽማግሌው ቤቷ ውስጥ የተናገረው ነገር ጆሮዋ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ የእኔም ጆሮ ላይ ነበር። ብዕሬን ወረቀቱ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። የእኔ ነው ልትል ይሆን እያልኩ፣ ለእግዚአብሔር ስለት ተሳልኩ፤ እኔ ብዙ የምጸልይ ሰው አይደለሁም።

«አውቀዋለሁ» አለች። «አስናቀ ኦይታ ነው።»

ዶ/ር ማርቆስ ጻፍ ብሎ አመለከተኝ፤ ጻፍኩት። ከዚያ፣ ለእርስዎ ምንዎ ነው ብሎ ጠየቃት።

«የአባቴ ልጅ ነው።»

ብዕሬ ቆመ። ሰው ወንድሙን ሲወድ የእናቴ ልጅ ነው የሚለው። የአባቴ ልጅ የሚባለው ሌላ ሴት የወለደችው፣ ሌላ ቤት ያደገ ነው። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ አንዲት እናት ናት የወለደቻቸው፤ ያሳደገችውም እርሷው ናት። የኮሚቴው ሰዎች ይህን አያውቁም፣ አልገባቸውም። ጸሐፊ በስብሰባ ላይ ጣልቃ አይገባም፤ እኔ ግን አንጀቴ አልቻለም። አፏ ስቶት ይሆናል ብዬ፣ ወይም እንድትመልሰው አንድ ዕድል ልስጣት ብዬ፣ ቀስ ብዬ ጠየቅኋት።

«ወንድሜ ነው ብዬ ልጻፈው?»

ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«እንዳልኩት ይጻፍልኝ» አለች።